ድር መርጣ የምትበላ አይጥ

እትዬ አስካለ የኔን ፈትል ሰርቃ ለራሷ ጋቢ አሠርታበታለች። ይኸው ነው። ወግ የሚጽፉ ሰዎች ስለ አየሩ ጠባይ፣ ስለ ሰው ልጅ ጠባይና ስለ ጊዜው መክፋት ሁለት ገጽ ካዞሩን በኋላ ነው ወደ ሌባው የሚያደርሱን፤ እኔ ግን እንዳታመልጠኝ ሰግቼ ገና ከደጃፉ ላይ ይዣታለሁ። አሁን ተረጋግተን እንደ ልባችን መጫወት እንችላለን።

«ሰረቀች» ማለቴ ያልተዋጠላችሁ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። እትዬ አስካለ በአሥር ዓመት ትበልጠኛለች፤ በኛ አገር ደግሞ በአሥር ዓመት የሚበልጥ ሰው ቢሰርቅ እንኳ «ሰረቁ» ነው የሚባለው። ፊት ለፊት አንቱታዬን አጓድዬባት አላውቅም፤ ይህንንም መጨረሻ ላይ ራሳችሁ ትመሰክራላችሁ። በወረቀት ላይ ግን እኔና እናንተ ብቻ ነን። ፈትሌን በወሰደች ጊዜ የአንቱታዋንም ድርሻ አብራ የወሰደች ስለሚመስለኝ ሌላ አልጨምርላትም።

ሰው ለብሶት ስለሚኖረው ነገር የሚያውቀው እንዴት ትንሽ ነው! ወንዶቹንማ ተዉአቸው፤ ጋቢ ከነጥለቱ ገበያ ላይ የሚወለድ ነው የሚመስላቸው። ጥጥ ደብረ ታቦር አይበቅልም። የኛ ብርድ ገብስና ድንች ያሳድጋል እንጂ ለጥጥ አይራራም። ጥጡ ፀሐይ ከጠገበው ቆላ ተነሥቶ፣ በአህያም በመኪናም ተጭኖ፣ ቅዳሜ ገበያ በሙስሊም ነጋዴዎቻችን ጆንያ ውስጥ ፍሬውን እንዳቀፈ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ያለው የሴት ጣጣ ነው። ድንጋይ ላይ በብረት እየተዳመጠ ፍሬው ይወጣል። በደጋን እየተነደፈ እንደ ደመና እስኪሳሳ ይባዘታል። ባዘቶው ተጠቅልሎ አመልማሎ፣ አመልማሎው በእንዝርት ተፈትሎ ክር፣ ክሩ ተጠቅልሎ ልቃቂት ይሆናል። ልቃቂቱም አንድ ዓይነት አይደለም፤ ቀጥ ብሎ የሚወጠረው ድር ቀጭንና ጥብቅ መሆን አለበት፣ በመሃሉ የሚመላለሰው ማግ ደግሞ ላላና ወፈር ያለ። ለአንድ ጋቢ የአንዲት ሴት በጋ ሙሉውን ያልቃል። ከዚያ ሸማኔው በሳምንት ይጨርሰውና «የሸማኔው ሥራ» ይባላል።

ቅሬታዬን አስመዝግቤ ልቀጥል። ፈትል እንደ እጅ ጽሑፍ ነው። የሁለት ሴቶች ክር አይመሳሰልም፤ አንዷ ትቸኩላለች፣ ክሯ ይቋጠራል፤ አንዷ ሐሳብ ይገባታል፣ ክሯ መሃል ላይ ይሳሳል። የባሏን ነገር ስታነሣ የምትፈትለውን ክር ከሌላው ለይቼ የማውቅላት ጎረቤት ነበረችኝ፤ ያ ክር ለጆንያ መስፊያ ይሆናል።

የኔ ደግሞ ከሁሉም ይለያል፤ ግራኝ ነኝና። ሌላዋ ሴት እንዝርቷን በቀኝ መዳፏ በቀኝ ታፋዋ ላይ ታሽከረክራለች፤ እኔ በግራ መዳፌ በግራ ታፋዬ ላይ። እንዝርቷ ወደ ሌላ ወገን ስለምትዞር ክሩም ወደ ሌላ ወገን ይከራል። ይህን ዓይን ቶሎ አይለየውም፣ ጣት ግን ይለየዋል። የሌላዋን ሴት ክር በአውራ ጣታችሁና በሌባ ጣታችሁ መሃል ይዛችሁ ስታሹት በሚላላበት በኩል የኔ ይብሱን ይጠብቃል። ባሕርይሽም እንደዚያው ነው ይሉኛል።

እናቴ ይህን ለማቃናት ያልሞከረችው ነገር አልነበረም። ልጅ ሳለሁ ግራ እጄን በቃጫ ገመድ ከቤታችን ምሰሶ ጋር እያሰረች በቀኜ እንድፈትል ታስቀምጠኝ ነበር። ቃጫን ታውቁታላችሁ፤ ያ ሻካራ፣ ጭነት የሚታሰርበት፣ የእጅ አንጓን እንደ ድመት የሚቧጥጥ ነገር። እሷ ወደ በጎቿ ብቅ ስትል በጥርሴ እፈታውና በግራዬ እፈትላለሁ፤ ኮቴዋን ስሰማ ራሴን መልሼ አስራለሁ። ልቃቂቱን አንሥታ በጣቷ ስታሸው ግን ሁሉም ይገለጥላት ነበር። በመጨረሻ እጅ ሰጠች። ገመዱን ምሰሶው ላይ ሰቀለችና «እዚህ ይቆይ፣ አንድ ቀን ልብ ትገዢ ይሆናል» አለችኝ። ይኸው ገመዱ እንደተሰቀለ፣ ልቡም እንዳልተገዛ ዓመታት አለፉ።

ጊዜው የደርግ ነበር። ሁሉም ነገር የተደራጀበት ጊዜ። ገበሬው ተደራጅቷል፣ ሸማኔው ተደራጅቷል፣ እኛም ሴቶች ተደራጅተናል፤ ሳይደራጅ የቀረው የጉና ተራራ ብርድ ብቻ ነበር፣ እሱ በግሉ እንደ ልቡ ይሠራል። ድሮ ልቃቂቴን በእንቅብ ይዤ ሸማኔው ጋሼ ሰይድ ቤት እገባና «ይህ ለእናቴ ነው» ካልኋቸው ሌላ ነገር አያስፈልግም ነበር። እሳቸውም «ግራኟ መጣች» ይሉና ክሬን ከሌላ ሰው ክር ጋር እንዳይገናኝ ለብቻው ያስቀምጡልኛል። ሸማኔዎቹ በማህበር ከታቀፉ ወዲህ ግን ክር በግል መቀበል ቀረ። ፈትል ሁሉ በቀበሌው የሴቶች ማህበር በኩል ተሰብስቦ፣ ተራ ተይዞለት ለሸማኔዎቹ ይሰጣል ተባለ። የሴቶቹ ማህበር ሊቀ መንበር እትዬ አስካለ ነበረች። የክሩ መጋዘን ቁልፍም አንገቷ ላይ ከማተቧ ጎን ተንጠልጥሎ ነበር፤ ስብሰባ ሲኖር ማተቡ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ቁልፉ ወደ ውጭ ይወጣል።

እትዬ አስካለ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ሥልጣን የያዘች መጥፎ ፈታይ ነበረች እንጂ። እኛ ተሰብስበን ስንፈትል ትመጣና ሁላችንንም ገርመም አድርጋ እኔ ላይ ስትደርስ ትቆማለች።

«አንቺ ዳር ሁኚ እንጂ! የግራኝ እንዝርት የሌላውን ፈትል ይፈታል።»

ሴቶቹ ይስቃሉ። እኔም ወደ ዳር ፈቀቅ እላለሁ። በዚያ ዘመን በአገሩ ሁሉ ግራ ክንፍ መሆን ያስከብር ነበር፤ ለግራ እጅ ግን ምንም አዋጅ አልወጣለትም።

እናቴ የምትኖረው ጉና ግርጌ ነው። የነበራት ጋቢ አርጅቶ ከጨርቁ ቀዳዳው በልጦ ነበር፤ ለብሳው በር ላይ ስትቆም ብርሃን ያሳልፋል። በዚያ ዓመት ሳሉ ደረቷ ላይ ቤት ሠራ። «የዘንድሮን ውርጭ በዚህ ጋቢ አልወጣውም» አለችኝ። ቅሬታ አልነበረም፤ የገብሱን ማነስ እንደምትነግረኝ አድርጋ ነው የነገረችኝ። ስለዚህ በጋውን ሙሉ ፈተልሁ። ድሩን እንደ ፀጉር አቀጠንሁት። ሰኔ ሲገባ እንቅቤን ሞልቼ ወሰድሁና ለእትዬ አስካለ በእጇ አስረከብሁ። ከላይ ያለውን ልቃቂት አንሥታ አየችው፣ በጣቷ ደጋግማ አሸችው። ሰው ሲያማው የኖረውን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ በእጁ ሲነካው ቶሎ አይለቀውም። ያኔ ልነቃ ይገባኝ ነበር።

ሐምሌ አልቆ ነሐሴ ሲጋመስ ወደ መጋዘኑ ሄድሁ።

«እትዬ አስካለ፣ የእናቴ ጋቢ ተራው አልደረሰም?»

«ውይ እህቴ! አልነገሩሽም እንዴ? አይጥ ጨረሰችው እኮ!»

«የቷ አይጥ?»

«እኔ ስሟን አልጠየቅኋት!»

ከጥግ አንድ እፍኝ የተበጣጠሰ ክር አምጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። በጣቴ አሸሁት። ላላ። ወፍራም ማግ ነው፤ ያውም በቀኝ የተፈተለ። እንግዲህ አስቡት፤ ከዚያ ሁሉ ክምር መሃል የኔን ድር ብቻ መርጣ የበላች፣ በልታም ስታበቃ የሌላ ሴት ማግ አኝካ ለማስረጃ ያስቀመጠች አይጥ! እንዲህ ያለ ንቃት ያላት ፍጥረት ከመጋዘን ጣሪያ ላይ ምን ታደርጋለች? መሠረተ ትምህርት ብትገባ ሁላችንንም ትቀድመን ነበር።

ምላሴ በላኝ። ግን ምን ብዬ? መጋዘኑ የሷ፣ ቁልፉ የሷ፣ አይጧም የሷ።

ጉና ወጥቼ ለእናቴ ነገርኋት። ትንሽ ካሳላት በኋላ፣ እያሰበች፣ «የግራኝ ፈትል አይጥም አትቀምሰው ይባል አልነበር?» አለች። ሁለታችንም ሳቅን። ስትስቅ ሳሉ ተመልሶ ያዛት፣ ሳቁን እኔ ብቻዬን ጨረስሁት።

መስከረም መጣ። ለአብዮቱ በዓል በትምህርት ቤቱ አዳራሽ የምርት ትርኢት ተዘጋጀ። የሕፃን ራስ የሚያህል ድንች፣ የማር ቀፎ፣ ሞፈርና ቀንበር፣ ቃጫ ገመድ ሳይቀር ተደርድሯል። በጺማሞቹ ፈላስፎች ሥዕል ሥር፣ ዋናው ቦታ ላይ፣ አንድ ጋቢ ተሰቅሏል። ከሥሩ በወረቀት «በጓድ አስካለ እጅ የተፈተለ» ይላል። አነበብሁት። ማንበብ በማወቄ የተጸጸትሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ፊደል የቆጠርሁት ስኳርና ጨው በሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ በራሴ ጊዜ ነው፤ ዓለም ላይ የሆነውን ሁሉ ወረቀቱ እስከተቀደደበት ድረስ አውቃለሁ። ይኸኛው ወረቀት ግን አልተቀደደም፣ ሙሉ ውሸቱ ነበር።

ጋሼ ሰይድ የሥራቸውን ዕቃ ይዘው ለማሳያ ከጎኑ ተቀምጠዋል። ሰላም ስላቸው ቀና ሳይሉ፣

«ልጄ፣ ከፊት ለፊቱ ሆነሽ አትዪው» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ወደ መስኮቱ ሂጂና በጎን እዪው።»

ሄድሁ። የጠዋቷ ፀሐይ በአግድም ትገባ ነበር። በጎን ሳየው፣ ያ ሙሉ በሙሉ ነጭ የነበረ ጋቢ ሸንተረር አወጣ፤ አራት ጣት ያበራል፣ አራት ጣት ይደበዝዛል፣ አራት ጣት ያበራል፣ አራት ጣት ይደበዝዛል፣ እስከ ጫፉ። ቀለም የለ፣ ጥለት የለ። በቀኝ የከረረው ክር ብርሃኑን ወዲህ፣ በግራ የከረረው ወዲያ ይጥለዋል፣ ሌላ ምንም የለበትም። ተመልሼ ከአጠገባቸው ቆምሁ።

«ጋሼ ሰይድ፣ ምን አድርገው ነው?»

«አስካለ ክሩን ከራሷ ክር ጋር ቀላቅላ ስታመጣልኝ ገና በጣቴ ነው ያወቅሁት። የማን ነው ብዬ ብጠይቅ ጣጣው ብዙ ነው፤ ልጆች አሉኝ፣ አፌ ፈራ። እጄ ግን አልፈራም። አራት ጣት የሷን፣ አራት ጣት ያንቺን እያልሁ ድሩን ወጠርሁት። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም ልጄ፤ የማውቀው ጽሑፍ ይኸ ነው።»

ይህን ጊዜ ትርኢቱን ሊመርቅ ከጎንደር የመጣው ጓድ ከተከታዮቹ ጋር ገባ። ካኪ ለብሷል፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሯል። ከድንቹ ወደ ማሩ፣ ከማሩ ወደ ገመዱ እያለ መጣና እንደ እድል ሆኖ በመስኮቱ በኩል ዞረ። ቆመ። ራሱን ዘንበል አደረገ።

«ጓድ አስካለ፣ ይህን ጥለት በምን ቀለም አወጣሽው?»

እትዬ አስካለ ጋቢዋን ከፊት ለፊት እንጂ ከጎን አይታው አታውቅም።

«የቱን ጥለት፣ ጓድ?»

ወደ እሱ ቀረበች፣ እሱ ባዘነበለበት በኩል ራሷን አዘነበለች፣ አየችው። ፊቷ አመድ ሲመስል እኔ አየሁ፤ እሱ ትሕትና መሰለው።

«ያለ… ያለ ቀለም ነው፣ ጓድ» አለች።

«ያለ ቀለም!» ብሎ ወደ ሕዝቡ ዞረና ንግግር ጀመረ። ጭቁኗ ሴት በአገሯ ጥጥ፣ በአገሯ እጅ፣ የባዕድ ቀለም ሳያስፈልጋት ስላፈለቀችው አዲስ ጥበብ ተናገረ። ንግግሩን አስቀድሜ አውቀው ነበር፤ ስኳር ተጠቅልሎበት አንብቤዋለሁ። መጨረሻውን ብቻ አላውቀውም ነበር፣ ለካ እንደ ጋዜጣው መጨረሻ የለውም። ከዚያ ሽልማት ተሰጠ። የአገሯን ጥጥ ስላስከበረች የተሸለመችው ምን መሰላችሁ? የነብር ሥዕል ያለበት የውጭ አገር ናይለን ብርድ ልብስ።

ተጨበጨበ። ጭብጨባው ሳይበርድ ጓዱ አንድ ትእዛዝ ጨመረ፤ ይህ ጥበብ የአንድ ሰው ሆኖ መቅረት የለበትም፣ ጥቅምት ሲያልቅ የየቀበሌው ሴቶች ተወካዮች እዚሁ አዳራሽ ይሰበሰቡና ጓድ አስካለ ፈትሉን ከነአፈታተሉ በተግባር ታሳያቸዋለች፣ እሱም ራሱ ተገኝቶ ያያል። እትዬ አስካለ ነብሩን በደረቷ ታቅፋ ቆማለች። ከሁለቱ የበለጠ የፈራው ነብሩ አልነበረም።

እናንተ እዚህ ላይ «ለምን አልተናገርሽም?» ልትሉኝ ነው። አንድ ክር ከጫፉ መዝዤ፣ በሕዝቡ ፊት በጣቴ አሽቼ ማሳየት እችል ነበር። ጋሼ ሰይድም ይህንኑ ፈርተው አንገታቸውን ደፍተው ነበር። ግን ያን ዘመን የኖረ ያውቀዋል። ለሌባ የሚሆን ቅጣት በዚያ አዳራሽ አልነበረም፤ የነበረው ሕዝብንና አብዮቱን ላታለለ የሚሆን ቅጣት ነው፤ ለዚያ ደግሞ ሰው ተወስዶ ወዴት እንደሄደ አይጠየቅም። ሌባዬን ለይቼ ማጋለጥ እፈልግ ነበር፣ አዎ። ነገር ግን የፈለግሁት ጋቢዬን ነው እንጂ ሬሳ አልነበረም። ስለዚህ ያን የተሳለ ምላሴን ነክሼ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ እንዲያ ነክሼው አላውቅም፣ ወደፊትም እንጃ።

ለእናቴ ስነግራት እሳቱን እየቆሰቆሰች ሰማችኝ።

«እንዳትናገሪ!» አለችኝ። «ለአንድ ጋቢ ብለሽ ልጆቿን ያለ እናት እንዳታስቀሪ። ብርዱን እኔ እችለዋለሁ።»

ይህን ብላ ሳሉ ያዛት። እንደማትችለው ሁለታችንም አወቅን። ጉና ራሱ ነጭ ለብሶ ማንጋት ጀምሮ ነበር፤ የውርጩ ወር ቀርቧል፣ የኔ በጋ ደግሞ ደብረ ታቦር ከተማ ውስጥ እትዬ አስካለ ትከሻ ላይ ስብሰባ ይሄዳል።

ጥቅምት ሲጋመስ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እትዬ አስካለ ቤቴ መጣች። ጋቢውን ለብሳዋለች። ከሥሩ እንዝርትና ባዘቶ ደብቃለች፤ በሩን መለስ አደረገችና ሳልጋብዛት መደቡ ላይ ተቀመጠች። ቀሚሷን ሰብሰብ ስታደርግ ግራ ታፋዋ እንደ ቲማቲም ቀልቶ አየሁት። ሌላ ሰው ቢሆን ያሳዝነኝ ነበር፤ አይ፣ እሷም ትንሽ አሳዝናኛለች።

«እህቴ» አለችኝ፣ «ሳምንት ሙሉ ሞከርሁት። ይህ ግራ እጅ የኔ አይደለም መሰለኝ፣ የሰው እጅ ነው። እንዝርቱን ስልከው ወደ ግድግዳው ይሄዳል።»

«አይዞዎት፣ እትዬ አስካለ። እኔም ቀኜ እንዲያ ነው።»

«አንድ ቀን ብታሳዪኝ ይበቃኛል።»

«ምኑን?»

ባዘቶውን ከጋቢው ሥር አወጣችና መልሳ ሸጎጠችው። ስርቆቱን ሳትናገር ትምህርቱን መጠየቅ ቀላል አይደለም፤ ለሊቀ መንበርም ቢሆን ያስቸግራል። በመጨረሻ ዓይኗን በጨው አጠበችና፣

«ያቺን አይጥ ታስታውሻታለሽ?» አለችኝ።

«እረሳታለሁ ብለው ነው!»

«ሁሉንም አልጨረሰችውም ነበር። ከአፏ ያስጣልሁት ጥቂት ድር ነበረ። ተበላሽቶ ከሚቀር ብዬ ከኔ ጋር…»

«ከአይጧ አፍ?»

«ከአፏ!»

«ጥርሷ ሳይነካው?»

«ብቻ እህቴ፣ እዚህ ላይ አትያዢኝ። ያ ሰውዬ ሊመጣ አሥራ አምስት ቀን ቀርቶታል። ፊቱ ቆሜ በቀኜ ብፈትል ሸንተረሩ አይወጣም። አይወጣም ማለት ደግሞ…» አልጨረሰችውም። ሳትጨርሰውም ገባኝ፤ ልጆቿ የኔን ደጃፍ አልፈው ነው ትምህርት ቤት የሚሄዱት።

«ከኮሚቴ አስገባሻለሁ» አለችኝ፣ አፍንጫዋን በጋቢዬ እየጠረገች። «ከመሃል ትቀመጫለሽ፣ ዳር ሁኚ የሚልሽ የለም። ነብሩንም እሰጥሻለሁ፣ ላንድ ቀን እንኳ አልተኛሁበትም። የፈለግሽውን ጠይቂኝ።»

የመለስሁላትን ቃል ከመናገሬ በፊት፣ ነገሩ በምን እንዳለቀ ላጫውታችሁ፤ ከቃሉ በኋላ ሌላ ነገር መጨመር አልወድም።

እትዬ አስካለ በማግስቱ ጉና ወጣች። አራት ቀን ጠፍታ ስትመለስ ትከሻዋ ባዶ ነበር፤ የቀኝ እጇ አንጓ ዙሪያውን ተቧጥጧል፣ የግራዋ አውራ ጣት ውኃ ቋጥሯል። ትምህርቱ በሚሰጥበት ቀን አዳራሹ በሴት ጢም አለ። እትዬ አስካለ በሁሉም ፊት ተቀመጠች፣ እንዝርቷን በግራ ታፋዋ ላይ ላከችው፣ ዞረ። የኔን ያህል አልቀጠነም፣ ግን ዞረ። የየቀበሌው ተወካዮች ግራ እጃቸውን ከነጠላቸው ሥር አውጥተው እንዝርት ሲያበሩ ማየት ነበር! አዳራሹ ውስጥ የመጣው እንዝርት ሁሉ ወለል ላይ ተንከባለለ። እኔን ከልጅነቴ ጀምሮ ዳር ያስቀመጡኝ ሴቶች «እስቲ አሳዪን» እያሉ ከበቡኝ፣ መሃል ላይ አስቀመጡኝ፤ ኮሚቴም አላስፈለገኝም።

ጓዱስ? አልመጣም። ሌላ ቦታ ለሌላ ትርኢት ተጠርቶ ኖሯል። ሪፖርቱ ግን ተነበበ፤ ትምህርቱ በተሳካ ሁኔታ ተጠናቅቋል፣ ጓድ አስካለም ያን የተሸለመችበትን ጋቢ ለአንዲት አቅመ ደካማ የገበሬ እናት በገዛ ፈቃዷ ስለለገሰች ምስጋና ይገባታል ይላል። ተጨበጨበላት። እኔም አጨበጨብሁ። እሷ ግን ወደ እኔ አላየችም፣ የእጇን አንጓ ታሻሽ ነበር።

እናቴ ያን ዓመት ውርጩን ወጣችው፤ ከዚያም በኋላ ያሉትን ብዙ ዓመታት። ጋቢውን ለብሳ በር ላይ ስትቆም ብርሃን አያሳልፍም፤ ፀሐይዋ በጎን ስትመታት ግን አራት ጣት የኔ፣ አራት ጣት የእትዬ አስካለ ሆና ታበራለች። «ሁለታችሁም አሙቃችሁኛል» ትለኝ ነበር። ይህን ስትል እናደድባት ነበር፤ አሁን አልናደድም፣ ወይም ትንሽ ብቻ።

እንግዲህ ወደዚያች ቀን ልመልሳችሁ። እትዬ አስካለ መደቤ ላይ ተቀምጣለች። ጋቢዬን ለብሳ፣ እንዝርቷን ጉልበቷ ላይ አጋድማ፣ አፌን አፌን ታየኛለች። እኔ ፊት ለፊቷ ቆሜያለሁ። ነሐሴ ላይ የነከስሁት፣ መስከረም ላይ የነከስሁት ምላስ አፌ ውስጥ ሙሉውን አለ። ጉና ደግሞ በበሩ ስንጥቅ በኩል ይታያል። አንቱታዬን አላጓደልሁም። እንዲህ አልኋት፦

«እትዬ አስካለ፣ ጋቢውን ይዘው ጉና ይውጡና በእጅዎ እናቴን ያልብሷት። ቀኝ እጅዎን እሷ ታስርልዎታለች፤ ቃጫው እስካሁን ምሰሶው ላይ አለ።»